ኬላው ላይ የቆምን ትውልድ

ይፋግ ባሕር የላትም፤ ወደብ ግን ነበረች። መርከብ አልደረሰባትም፤ ቅፍለት ግን ሰፍሮባታል። ከምጽዋ ተነሥቶ በዓድዋ አልፎ ጎንደር የገባ ሲራራ ነጋዴ፣ ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ ወርዶ ዓባይን ሊሻገር፣ ከዚያም እስከ እናርያና እስከ ከፋ ሊዘልቅ ሲያስብ፣ ከጣና በስተምሥራቅ ባለችው በዚህች ከተማ በቅሎውን ያሳርፍ ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የመጣ አሞሌ ጨው እዚህ ተመንዝሯል። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ማርትሬዛ ብር እዚህ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። የዓባይ ማዶው ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ወደ ቀይ ባሕር ሲጓዝ፣ የባሕር ማዶው ሐርና ዶቃ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ ሁለቱ የተላለፉት በአያቶቻችን ደጃፍ ነው።

በዚያ ዘመን ነጋዴ የሚሄደው ከኬላ ወደ ኬላ ነበር። ጭነቱ ይፈታል፣ ይታያል፣ ይቆጠራል፤ ቀረጡ ከተከፈለ በኋላ ነው መንገዱ የሚከፈትለት። ኬላ የቆመው ምንም ነገር ሳይታወቅ እንዳያልፍ ነው። እኛ የደቡብ ጎንደር ልጆች ዛሬ ራሳችንን መጠየቅ ያለብን ይህንኑ ነው፦ በእኛ ደጃፍ ምን እያለፈ ነው? ማንስ እየቆጠረው ነው?

ይህን ታሪክ በኩራት ስናወራ ግማሹን ደብቀን መሆን የለበትም። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቅፍለት መካከል፣ ከዓባይ ማዶ ተይዘው ለባርነት ወደ ምጽዋ የሚነዱ ወጣቶችና ሕፃናትም አልፈዋል። እኩዮቻችን ነበሩ። ጨዉ ሲቆጠር እነሱም ተቆጥረዋል፤ ስማቸውን ግን ያቆየልን የለም። ከዚሁ አካባቢ ደሪጣ የምትባል የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማም ነበረች፤ በሲራራ ንግድ የኖረች፣ በሀብቷ የታወቀች። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በወጣው የሃይማኖት ትእዛዝ የቤጌምድር ሙስሊሞች ኑሮ ሲናጋ፣ የዚያ ንግድ ዓለምም አብሮ ተናግቷል። ታሪኳን መርምሮ የጻፈልን የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ ነው፤ ከእኛ መካከል ስሟን የሰማ ስንቱ ነው? እንደ እኛ ለይፋግ ቤተ መዘክር እንሥራ የሚል ትውልድ የሚያምረውን ብቻ መርጦ የሚሰቅል ከሆነ ያሰበው ሙዚየም ሳይሆን ጌጥ ቤት ነው። እኛ የምናስበው የነጋድራሱንም የባሪያውንም፣ የካህኑንም የሼኩንም፣ ያተረፈውንም የከሰረውንም የሚያውቅ ቤት ነው።

የምንጎበኝ ትውልድ ነን፤ ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። ጎንደር እንሄዳለን፣ በፋሲል ግቢ በሮች እንገባለን፣ በግንቡ ጥላ ሥር ፎቶ እንነሣለን። ጎርጎራ ወርደን የጣናን ውኃ እናያለን። አዲስ አበባ ከገባን ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የምኒልክን ግቢ ለሕዝብ የከፈተው አንድነት ፓርክ ይጠብቁናል። መልካም ነው። ነገር ግን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ በይፋግ በኩል ሲያልፍ ስንቶቻችን በመስኮት ቀና ብለን አይተናል? ረዳቱ «ይፋግ ወራጅ አለ?» ሲል የሚመልስ ከሌለ መኪናው አይቆምም። እኛም አንቆምም።

ከይፋግ ወደ ጎንደር ሲሄዱ እንፍራንዝ ላይ ከመንገዱ ከፍ ብሎ የጉዛራ ግንብ አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት ይነገራል። ጎንደር በዐፄ ፋሲል ዋና ከተማ ሆና የተቆረቆረችው በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ጉዛራ ከዚያ ይቀድማል። ክብ ማማው፣ በኖራ የተያያዘው ግድግዳው፣ ከሰገነቱ ቁልቁል የሚታየው የጣና ሜዳ፣ ሁሉም ለጎንደር ግንቦች ታላቅ ወንድም ነው። ጎንደርን አይቶ ጉዛራን ያላየ ሰው መጽሐፉን ከመካከል ገልጦ የጀመረ ነው። በ1690ዎቹ ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እንፍራንዝን አይቶ ጽፏል፤ የውጭ ሰው በበቅሎ ደርሶ የጻፈባትን ከተማ እኛ በአስፋልት አልፈን እንረሳታለን።

ግንብ ዘላለማዊ አይደለም። የፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ ይሁን እንጂ መዝገቡ ግድግዳ አይደግፍም። የኢያሱ ግንብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎዳ፤ ፋሺስት ጣሊያን ግቢውን የጦር ሰፈሩ ሲያደርገው እንደገና ተጎዳ፤ ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ውጊያ ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ ወደቀበት። በቅርብ ዓመታት የተጀመረው እድሳት ደስ ያሰኘናል። ሆኖም በስንጥቁ መካከል የበቀለን ዛፍ ሥር የሚነቅል፣ የዝናብ ውኃ መውረጃን የሚጠርግ፣ ድንጋዩን ለቤቱ አጥር ሊወስድ የመጣን ሰው የሚመልስ እጅ ከሌለ እድሳት የአንድ ዘመን ወሬ ሆኖ ይቀራል። ያ እጅ ከየትም አይመጣም፤ በጎረቤት ከሚኖር ወጣት ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ደብረ ታቦር እንውጣ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚያያት ይህች ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በራስ ጉግሣ ተቆረቆረች፤ የራስ ዓሊ መቀመጫ ሆነች፤ በ1834 ዓ.ም. ደጃች ውቤና ራስ ዓሊ ተዋጉባት፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ዋና ከተማቸው አደረጓት፤ ዐፄ ዮሐንስም በአጠገቧ ሰመራ ላይ ቤተ መንግሥት ሠርተው ተቀመጡባት፤ የግብጽ መልእክተኛ ሆኖ የመጣውን እንግሊዛዊ ጎርደንን በ1872 ዓ.ም. የተቀበሉት በዚሁ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ከዘመነ መሳፍንት ወደ አንድ መንግሥት የተሻገረችበትን ድልድይ የሚፈልግ ሰው ደብረ ታቦርን ሳይረግጥ አያገኘውም።

ጋፋት ደግሞ አለች። ከደብረ ታቦር አጠገብ ናት፤ ስሟ ግን ከኮረብታዋ ይበልጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን ዋልድማየርን፣ ሳልሙለርን፣ ሆልንና ጓደኞቻቸውን ሰብስበው «መድፍ ሥሩልኝ» ያሏቸው እዚያ ነው። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሰዎች ምድጃ ገነቡ፣ ብረት አቀለጡ፣ ከሽፎባቸው እንደገና ሞከሩ። ከጎናቸው የቆሙት፣ ወናፉን ያናፉት፣ ሸክላውን የተኮሱት፣ ከሰሉን ያከሰሉት የዚህ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል ተሠራ። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ! ንጉሠ ነገሥቱም ከመስከረም 1860 መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ፣ በጋይንትና በጨጨሆ፣ በጂጣ ገደልና በደላንታ፣ በበሽሎም በኩል፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ መቅደላ አደረሱት። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የተወለደባት ጋፋት ግን ለስሟ የሚመጥን ቤት ገና አላገኘችም። በጋፋት የተጀመረው ነገር መድፍ ብቻ አልነበረም፤ «እኛም መሥራት እንችላለን» የሚል ግትር ሐሳብ ነበር። ያንን ሐሳብ የሚወርሰው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የሚማር ወጣት ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት ሳንውጥ አናልፍም። ቅርሳችንን ያጠፋው ባዕድ ብቻ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈዋል፤ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥለዋል፤ መጻሕፍቷን ወደ መቅደላ አስጭነዋል። ከደብረ ታቦርም ሲወጡ ከተማዋን በእሳት አጋይተው ነው የወጡት። በሚያዝያ 1860 እንግሊዞች መቅደላ ሲገቡ ያገኙት ሀብት ብዙው ከዚህ የተሰበሰበ ነበር። የአዛዣቸው የናፒየር ሠራዊት የዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 በቅሎዎች አስፈለጉት። ከሠራዊቱ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የሆነው ሪቻርድ ሆልምስ ነበረ፤ ደላንታ ላይ ጨረታ ተደረገ፤ ከ300 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ 11 ታቦታትም ማንም በማያያቸው የብሪቲሽ ሙዚየም ክፍል ተዘግቶባቸዋል። የጎንደር መጽሐፍ ተነሥቶ፣ የደጋውን ዳገት ወጥቶ፣ መቅደላ ደርሶ፣ ከዚያ ባሕር ተሻገረ። ያን ቀን በመንገዱ ላይ ቆሞ «ይህ ጭነት ወዴት ነው?» የሚል ኬላ አልነበረም።

ጭነቱ ግን ያኔ አላበቃም። ከእያንዳንዱ ደብር ዕቃ ቤት የሚወጣ ብራና፣ ከእያንዳንዱ አሮጌ ሣጥን የሚሸጥ መስቀል፣ ከእያንዳንዱ ፈራሽ ግድግዳ የሚነሣ ድንጋይ ዛሬም በመንገድ ላይ ነው። ሌሊት ያልፋል። በቦርሳ ያልፋል። ገዢው አገር ጎብኚ መስሎ፣ ሻጩ ድሀ ሆኖ፣ ደላላው የሰፈራችን ልጅ ሆኖ ያልፋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ሕጉ አለ። ጠባቂው ግን አዲስ አበባ ባለ ቢሮ ተቀምጦ የይፋግን ሌሊት ሊያይ አይችልም። የሚያየው እዚህ የሚያድር ነው። የሚያድረው ደግሞ እኛ ነን።

ሙዚየም ሲባል መስታወትና መብራት ብቻ ከመሰለን የራሳችንን ሀብት አላወቅነውም። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ድጓ ተምሮ መምህር ሊሆን የሚሻ ሊያስመሰክር ይመጣባታል። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓኬንሃም በ1940ዎቹ መጨረሻ መጥቶ በክቡ የሣር ክዳን ሥር ተሸፍኖ የቆየውን ጥንታዊ ሕንፃዋን አይቶ ተደንቆ ጽፎላታል። ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ቤት ናት። በእነዚህ ቦታዎች ቅርሱ ተማሪው ነው፤ ኮፈዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ሌሊት በቃሉ የሚያጠናው ልጅ ነው። መምህሩ ሲያርፉ የሚወርሳቸው ካልተገኘ አንድ ሙሉ ቤተ መዘክር በአንድ ቀን ይቀበራል። ከዚህ የሚብስ ምን ዝርፊያ አለ?

ጦርነትም ደጃችን ድረስ መጥቶ አይተነዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ነፋስ መውጫ ሲያዝ፣ ደብረ ታቦር የከባድ መሣሪያ ድምፅ ስትሰማ፣ አምስት መቶ ዓመት የቆመ ነገር በአንድ ከሰዓት ሊጠፋ እንደሚችል ተምረናል። ከዚያም ወዲህ ሰላም በራቀ ቁጥር ጎብኚ ራቀ፤ ጎብኚ በራቀ ቁጥር አስጎብኚው ሥራ ፈታ፤ ጠባቂው ደሞዝ አጣ። ይህን የምንለው ለመቆዘም አይደለም። እንግዳ እስኪመጣ ቆይቶ የሚጠበቅ ቅርስ የእንግዳው እንጂ የባለቤቱ ስላልሆነ ነው። ጎብኚ ቢመጣም ባይመጣም፣ ቲኬት ቢቆረጥም ባይቆረጥም፣ ጉዛራ የእኛ ነው፤ ጋፋት የእኛ ነው፤ የይፋግ ገበያ አፈር የእኛ ነው።

ሊሆን አይችልም የሚለን ካለ የሆነውን እናሳየው። በፋሺስት ወረራ ዘመን ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። ከስልሳ ዓመት በላይ ያልታከቱ ኢትዮጵያውያን ደብዳቤ ጽፈው፣ ፊርማ አሰባስበው፣ ሰልፍ ወጥተው ነው። ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት ከኤድንብራ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ገባ። የቴዎድሮስ ጸጉር በመጋቢት 2011 ከለንደን ተመለሰ። ሐረርን ተመልከቱ፦ አብዱላሂ ሸሪፍ አንድ ሰው ነው። ከየቤቱ አሮጌ መጽሐፍ፣ ሳንቲም፣ ልብስና ጌጥ ለቅሞ፣ በራሱ ቤት ጀምሮ፣ የተበላሸ ብራና በእጁ ጠግኖ፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሙዚየም ለከተማው አቆመ። አንድ ሰው ለሐረር ይህን ካደረገ፣ እኛ በሺህ የምንቆጠር የሊቦ፣ የፎገራ፣ የእስቴ፣ የፋርጣና የጋይንት ልጆች ለይፋግ ምን ያቅተናል?

ታሪክም በሚያስገርም መንገድ ወደ ቦታው ተመልሷል። ከይፋግ በስተደቡብ ወረታ ላይ ዛሬ ደረቅ ወደብ አለ። ኮንቴይነር ከጅቡቲ ተጭኖ ይመጣል፤ የወልድያና የባሕር ዳር መንገድ በሚገናኝበት ይራገፋል፤ የጉምሩክ ሰው ቆጥሮ ያስገባል። በቅሎው ከባድ መኪና ሆነ፤ አሞሌው ብረትና ማዳበሪያ ሆነ፤ መንገዱ ግን ያው ነው። የዚህ ምድር ዕጣ መተላለፊያ መሆን ነው። የምንመርጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያልፈውን የሚያውቅ መተላለፊያ እንሁን ወይስ የማያውቅ?

እኛ የተቀበልነው ብዙ ነው። ኖራ ፈጭተው ግንብ ያቆሙት ስማቸውን አልጻፉበትም፤ ግንቡን ግን ተዉልን። ብራና ፍቀው የጻፉት ዓይናቸውን ሰጡበት፤ ቃሉን ግን ተዉልን። ምድጃ አንድደው ብረት ያቀለጡት ጭሱን ጠጡት፤ ድፍረቱን ግን ተዉልን። እኛስ ለሚከተሉን ምን እንተዋለን? ፎቶ ብቻ ነው? ፍርስራሽ ብቻ ነው? «እዚህ ቦታ አንድ ነገር ነበረ ይባላል» የሚል ወሬ ብቻ ነው? አይደለም! ገና ያልተወለዱት የይፋግ ልጆች በእኛ ላይ መብት አላቸው። ጉዛራን ቆሞ የማየት መብት አላቸው። ድጓን ከሕያው አፍ የመስማት መብት አላቸው። አያቶቻቸው ከቀይ ባሕር እስከ ከፋ ሰው ያገናኙ፣ ቋንቋ ያቀባበሉ ሰዎች እንደነበሩ፣ ከባርነቱም ንግድ ድርሻ እንደነበራቸው እውነቱን ሙሉ የማወቅ መብት አላቸው። ይህ ዕዳ በአደራ ተሰጥቶናል፤ የምንከፍለው በሕይወታችን ዘመን ነው፤ ሌላ ዘመን የለንም።

እንግዲህ ጥሪው ይህ ነው። ተማሪ የሆንን፣ ለክረምት ዕረፍት ስንመለስ የአያቶቻችንን ቃል በስልካችን እንቅዳ፦ ገበያው የት ይቆም ነበር፣ ቅፍለቱ በየት ይገባ ነበር፣ የትኛው ዋርካ ሥር ይታደር ነበር? አስተማሪ የሆንን፣ ልጆቹን ጎንደር ከመውሰዳችን በፊት ጉዛራ እናውጣቸው። ምህንድስና የተማርን፣ የጋፋትን ምድጃ ስፍራ በሥርዓት እንለካው፣ እንሳለው። ካህናትና ዲያቆናት የሆንን፣ የዕቃ ቤቱን ዝርዝር በሁለት ቅጂ እንጻፍ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይመስክር። በውጭ አገር የምንኖር፣ በጨረታ ቤት የኢትዮጵያ ብራና ሲወጣ ዝም ብለን አንለፍ፤ ለቅርስ ባለሥልጣን እናሳውቅ። መሬት ስንቆፍር፣ ቤት ስንሠራ፣ መስኖ ስናወጣ አሮጌ ነገር ያገኘን፣ አንሽጠው፤ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እናስመዝግበው።

ይፋግ ዛሬ ቤተ መዘክር የላትም። የምንሠራላት እኛ ነን፤ ጅማሬውም አንድ ክፍልና አንድ መዝገብ ሊሆን ይችላል። እናንት የዚህ ደጋ ልጆች፣ ስትመጡ የየቤታችሁን አንድ አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ፦ የአያት ቃል፣ የአባት ደብዳቤ፣ የአክስት መሶብ፣ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ አንድ አሞሌ። ይህም የሌላችሁ በጉልበታችሁ ኑ፤ ግድግዳው የሚቆመው በእጅ ነው።